ብርድ ሲመጣ መነሳት የሚያቅተው ውሻ

 

በዚህ ዕትም የምናወራው ስለ ውሻ ነው። «ደግሞ ለውሻ!» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ ከአገራችን ስንወጣ ልጅ ልናሳድግ፣ ቤት ልናጸዳ፣ ምግብ ልናበስል እንጂ ውሻ ልናስታምም አልነበረም። ነገር ግን በራካ፣ በኾበርና በደማም ውሻ ያለባቸው ቤቶች አሉ። ውሻ ባለበት ቤት ደግሞ ማለዳ በሩን ከፍቶ ውሻውን ቀድሞ የሚያየው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ማዳም አይደለችም፤ ባባም አይደለም። እኛ ነን።

አስቀድመን አንዲት እህታችን ያጫወተችንን እንንገራችሁ። የምትሠራው ራካ ውስጥ፣ ሰፊ ግቢ ባለው ቤት ነው። በግቢው ውስጥ አሥር ዓመት ያለፈው ትልቅ ጀርመን ሼፐርድ ውሻ አለ። ሌሊቱን የሚያድረው በወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ባዶ ሴራሚክ ላይ ነው። እርሷ ሥራ የጀመረችው በሙቀቱ ወራት ስለነበር ያን ጊዜ ውሻው ደህና ነበር፤ የበሩን ድምፅ ሲሰማ ብድግ ብሎ ጅራቱን እየቆላ ይቀበላት ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ማለዳ በሩን ስትከፍት ውሻው አይነሳም። ስትጠራው ቀና ብሎ ያያታል፤ ተመልሶ ይተኛል። አንዳንድ ቀን በተኛበት ሸንቶ ታገኘዋለች። እርሷም እየተናደደች ትጮህበታለች፤ ወለሉን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባለች። ማዳም በበኩሏ፣ «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ውሻችን ተለወጠ፤ ትመችዋለሽ እንዴ?» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ማለዳ ለማስነሳት ብላ የፊት እግሩን ይዛ ስትጎትተው እጇን ነከሳት።

ነገሩን የፈታችው በጎረቤት ቤት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት። ከዚያ በፊት በሠራችበት ቤት ያረጀ ውሻ ነበርና ስታየው ወዲያው ገባት። «ሰንፎ አይደለም፤ አሞት ነው። በስልክሽ ቅረጪውና ለማዳም አሳዪ» አለቻት። እህታችንም እንደተመከረችው አደረገች። ባባ ቪዲዮውን ባየ በሳምንቱ ውሻውን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደው፤ ራጅ ተነሳ። የኋላ እግሮቹ ከዳሌው ጋር የሚገናኙበት መገጣጠሚያ አልቆ ነበር። ለካስ ውሻው ቁርጥማት ይዞት ኖሯል!

ይህን ያነሳነው ለውሻው ብቻ አዝነን አይደለም። ጥፋት የሌለባት ልጅ ተወቀሰች፤ ተነከሰችም። ጥፋት የሌለበት ውሻም ተጮኸበት፤ ተጎተተ። የሁለቱም መከራ የመጣው ከአንድ ካልታወቀ ሕመም ነው። ስለዚህ ሕመሙን ማወቅ ለውሻውም ለእኛም ይጠቅማል።

ውሻ ቁርጥማት ይይዘዋል?

አዎ፤ ይይዘዋል። እናቶቻችን «ቁርጥማት» የሚሉት ዓይነት ሕመም በውሾች ላይ በጣም የተለመደ ነው። በመገጣጠሚያ ላይ፣ በአጥንትና በአጥንት መካከል ልም አጥንት አለ፤ አጥንቶቹ ሳይፋጩ እንዲንሸራተቱ የሚያደርገው እርሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ክብደት ሲበዛ ወይም መገጣጠሚያው ከተፈጥሮው በደንብ ያልገጠመ ሲሆን ልም አጥንቱ ቀስ በቀስ ይበላል። መገጣጠሚያው ያብጣል፤ ይደርቃል፤ ያማል። የተበላው ልም አጥንት ተመልሶ አይተካም። ሕመሙን ግን ማቅለል ይቻላል።

እንደ ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር ያሉ ትልልቅ ዝርያዎች የዳሌያቸው አጥንት ከተፈጥሮው በደንብ ሳይገጥም ሊያድግ ስለሚችል በዚህ ሕመም ብዙ ይጠቃሉ። የአረብ አገሩ ቀጭን የአደን ውሻ ሰሉቂ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ፀጉሩ አጭር፣ ሥጋው ጥቂት ስለሆነ ብርድ ቶሎ ይገባዋል፤ ጠንካራ ወለል ላይ ሲተኛም ክርኑ ይላጣል። በነገራችን ላይ በዚህ አገር ሰውና ውሻ የቆየ ትውውቅ አላቸው። በሰሜን ሳዑዲ በጁባህና በሹወይሚስ ዓለቶች ላይ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የተቀረጹ፣ ከሰው ጋር ሆነው የሚያድኑ ውሾች ሥዕሎች ይታያሉ። ሁለቱ ስፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

«ታዲያ ውሻን ብርድ ምን ያደርገዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። የባሌና የሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ውርጭ በሚወርድበት ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ ጅራቱን አፍንጫው ላይ ጥሎ ያድር የለም ወይ? ያድራል። እርሱ ግን ለብርዱ የተፈጠረ፣ ጤነኛና ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ ነው። በሙቀት አገር ኖሮ ያረጀ፣ መገጣጠሚያው የተጎዳ ውሻ ሴራሚክ ላይ ሲያድር ሌላ ነው። ብርዱ ሕመሙን አይፈጥረውም፤ ያለውን ሕመም ያከብደዋል። ጡንቻው ይኮማተራል፤ ውሻው ብርዱን ፈርቶ መንቀሳቀስ ይተዋል። ባልተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል።

የራካ ብርድ

ራካ ብርድ አለ ሲባል አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን ይስቃሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚነደው አገር እንዴት ይበርዳል? እኛ ግን እናውቀዋለን። አረቦቹ «አል መርበዓኒያ» የሚሉት አርባ ቀን ያህል የሚቆይ ብርድ የሚገባው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በእኛ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይሆናል። በዚያ ላይ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ሸማል የተባለው ነፋስ አለ፤ የባሕሩ እርጥበት አለ። ቤቶቹ ደግሞ የተሠሩት ሙቀትን ለመከላከል ነው። ወለሉ ሁሉ ሴራሚክና እብነ በረድ ስለሆነ ቅዝቃዜውን ይዞ ያድራል። በባዶ እግራችሁ ማለዳ ወጥ ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ የተኛው እዚያ ላይ ነው።

ምልክቶቹ

ውሻ ሲያመው ሁልጊዜ አይጮኽም። ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

• ከእንቅልፉ ሲነሳ ይቸገራል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን ይሻለዋል። ዋናው ምልክት ይህ ነው።
• ደረጃ ለመውጣት ወይም መኪና ላይ ለመዝለል ያመነታል።
• ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሳል።
• ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ ምንጣፍ ከሌለበት ክፍል አይገባም።
• አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል።
• የኋላ ጭኑ ይከሳል፤ ጥፍሩ ያድጋል።
• ጠባዩ ይለወጣል፤ ሲነኩት ያጉረመርማል፤ ልጆች ሲቀርቡት ይሸሻል።
• ወደ ውጭ ለመውጣት ስለሚዘገይ ቤት ውስጥ ይሸናል።

የመጨረሻውን ልብ በሉ። የምናጸዳው እኛ ስለሆንን የሚያናድደንም እኛን ነው። ነገር ግን ሰልጥኖ የኖረ ውሻ በስተርጅናው ድንገት መሽናት ከጀመረ እልህ ይዞት አይደለም። ወይ መነሳት አቅቶታል፣ ወይ ሌላ ሕመም አለበት። ሁለቱም ለባለቤቱ የሚነገሩ ናቸው።

በእጃችን ያለው መፍትሔ

መኝታው፦ ከሁሉ በፊት ከወለሉ ላይ ይነሳ። ወፍራም ስፖንጅ ወይም አሮጌ ፍራሽ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ከታች ካርቶን ደርቡ፤ ከላይ የማይፈለግ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ። መኝታው ነፋስ ከሚገባበት በር ራቅ ይበል፤ ደረቅም ይሁን። የረጠበ ብርድ ልብስ ከባዶ ወለል አይሻልም። የቤቱ ሰዎች ከፈቀዱ ሌሊቱን በረንዳ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ ቢያድር ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን፣ ያንን ደፋያ የሚሉትን፣ ውሻው አጠገብ አትተዉ። ቶሎ ተነስቶ መሸሽ ስለማይችል ሊቃጠል ይችላል። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ የማይሞከር ነው። ጭሱ ሳይታይ ይገድላል፤ ለውሻውም ለእናንተም።

ወለሉ፦ ውሻው ከመኝታው ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ በሩ በሚሄድበት መንገድ ላይ የማይንሸራተት አሮጌ ምንጣፍ አንጥፉ። ወለል ከወለወላችሁ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ አታሳልፉት። አንድ ጊዜ ተንሸራቶ ከወደቀ የወራት ጥንቃቄ በአንድ ቀን ይጠፋል። የምግቡንና የውኃውን ሳህን ትንሽ ከፍ ባለ ነገር ላይ ብታስቀምጡለት አንገቱና የፊት እግሮቹ ያርፋሉ።

እንቅስቃሴው፦ የታመመ ነው ብሎ አስተኝቶ መተው ስሕተት ነው። ጡንቻው ሲላላ መገጣጠሚያው የባሰ ሸክም ይወድቅበታል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማስኬድ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ማራመድ ይሻላል። በብርዱ ወራት ጥሩው ሰዓት ፀሐይ የወጣችበት ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት። ግቢው ሰፊ ከሆነ ግቢው ይበቃል። ከግቢ ውጭ ይዞ መውጣት የቤቱ ሰዎች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሳትጠይቁ አትውጡ። ኳስ መወርወርና ማዘለል ይቅር፤ ለልጆቹም አስረዷቸው።

ማጠብ፦ የግድ መታጠብ ካለበት እኩለ ቀን ላይ፣ ለብ ባለ ውኃ ይሁን፤ በፎጣ በደንብ ይድረቅ። ማለዳ በግቢ ቧንቧ ማጠብ ለታመመ ውሻ ቅጣት ነው።

ምግቡ ላይ ጠንቀቅ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ውሻው የሚወደን ምግብ የምንሰጠው እኛ ስለሆንን ነው፤ እኛም ስንወደው እጃችን ይረዝማል። ለታመመ መገጣጠሚያ ግን ከትርፍ ክብደት የከፋ ጠላት የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 48 ላብራዶር ውሾችን ከቡችላነታቸው ጀምሮ ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ ከሌሎቹ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ትንሽ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ረዝመው ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ።

ውሻው መወፈሩን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ እጃችሁ ይበቃል። የውሻውን የጎድን አጥንት ዳስሱ። ቀጥሎም የራሳችሁን እጅ ዘርግታችሁ ጀርባውን ዳስሱ። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ክብደቱ ደህና ነው። የጎድን አጥንቱ እንደ መዳፋችሁ ውስጥ ለስላሳ ሆኖ ከተሸፈነ ወፍሯል። እንደ ተጨበጠ እጅ አንጓ ከቆረቆራችሁ ከስቷል።

የከብሳ ትርፍራፊ መስጠትም መልካም አይደለም። ስቡ ያወፍራል። በውስጡ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ይጎዳል። ዘቢቡ ደግሞ ኩላሊቱን ሊያቆመው ይችላል። ዘቢብና ወይን፣ ቸኮላትም ለውሻ መርዝ ናቸው። ልጆቹ ከጠረጴዛ ሲሰጡት ካያችሁ ለማዳም ተናገሩ።

ከእኛ ሻንጣ መድኃኒት አይሰጥ

እህቶች፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ። እኛ ወገባችንን ሲያመን የምንውጠውን ፓናዶል፣ ብሩፈን ወይም ቮልታረን ለውሻ አንስጥ። በርኅራኄ የተሰጠ አንድ ፍሬ ሊገድለው ይችላል። ብሩፈንና ቮልታረን የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፤ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ፓናዶል ጉበቱን ይመታል። ለድመትማ አንድ ፍሬ ፓናዶል እንኳ ገዳይ ነው። ውሻው ቢሞት ደግሞ «ምን ሰጠሽው?» የምትባለዋ ማን እንደሆነች መገመት አያቅትም።

ለውሻ የተዘጋጀ የሕመም ማስታገሻ አለ፤ የሚያዘው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐኪሙ አዝዞ እናንተ እንድትሰጡ ከተነገራችሁ መጠኑንና ሰዓቱን አስጽፉ፤ ከምግብ ጋር ስጡት። ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ሰገራው ከጠቆረ መስጠቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ለቤቱ ሰዎች ተናገሩ።

በገበያ ስለሚሸጡ ተጨማሪ ነገሮችም የምትጠየቁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው የዓሣ ዘይት የውሾችን ሕመም በመቀነስ ይረዳል። ስሙ የገነነው ግሉኮሳሚን ግን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አልተገኘበትም። የዓሣ ዘይቱም ቢሆን መጠኑ በሐኪም ይወሰን።

እንዳይነክሰን

የሚያመው ውሻ ክፉ ባይሆንም ይነክሳል። ስለዚህ ተኝቶ ሳለ ድንገት አትንኩት። ከፊት ለፊቱ ሆናችሁ ስሙን ጥሩት፤ እስኪያያችሁ ጠብቁ። እግሩን ይዛችሁ አትጎትቱት። መነሳት ካቃተው ረጅም ፎጣ ከሆዱ በታች፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ያዙለት። እርሱ በፊት እግሮቹ ሲነሳ እናንተ ከኋላ ታግዙታላችሁ። ካጉረመረመ ተዉትና ሰው ጥሩ።

ከነከሳችሁ ግን «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትደብቁ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም እንዲወስዷችሁ ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ስንት ቤት እንዳዘጋ እናውቃለን። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም፤ ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ውሻው የተከተበ መሆኑን መጠየቅም መብታችሁ ነው።

ለማዳም እንዴት እንንገር?

ብዙዎቻችን የምንፈራው ይህንን ነው። «ጥፋቱ ያንቺ ነው እንዳልባል» ብለን ዝም እንላለን። ዝም ባልን ቁጥር ግን ውሻው ይብሳል፤ ወቀሳውም ይከብዳል። ቀድማ የተናገረች ሴት ጠባቂ ትባላለች፤ ሳትናገር የቆየች ጥፋተኛ ትባላለች።

ማለዳ ሲነሳ በስልክ ቅረጹት። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ውሻ ሐኪም ቤት ሲደርስ ፍርሃቱ ሕመሙን ስለሚያስረሳው ደህና መስሎ ሊራመድ ይችላል። ሐኪሙ በቤት ውስጥ የሚሆነውን የሚያየው በእናንተ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ መቅረጽ በማይፈቀድበት ቤት ማዳምን ራሷን ጠርታችሁ አሳዩ። የጀመረበትን ቀንም ጻፉ።

አረብኛው ገና ላልቀናችሁ እነዚህ ይበቃሉ፦ «ማዳም፣ አልከልብ ተዕባን» (ማዳም፣ ውሻው አሞታል)። «ማ ይግደር ይጉም» (መነሳት አይችልም)። «ሪጅሉ ፊሃ ወጀዕ» (እግሩን ያመዋል)። «ላዚም ዶክተር በይጠሪ» (የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል)።

የእንስሳት ሐኪም በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። በአል አሕሳ ያለው የንጉሥ ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። ሥራው ዕውቀት ያለው ሰው ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ አይተን መናገር ነው። የሕክምናው ወጪም የባለቤቱ እንጂ የእናንተ አይደለም።

የእኛስ ጉልበት?

የታሪካችን ባለቤት እህታችን አሁንም እዚያው ቤት ናት። ውሻው አልዳነም፤ እርጅና አይድንም። ነገር ግን ከአሮጌ ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ያገኛል፤ ማለዳ በሩ ሲከፈት ቀስ ብሎ ይነሳል። ማዳምም «ትመችዋለሽ» ማለቷን ትታለች።

ለውሻው ፍራሽ ባነጠፈች ማግሥት አንድ ነገር አስተዋለች። እርሷ ራሷ ያንኑ ሴራሚክ በየማለዳው ተንበርክካ ስታጥብ ጉልበቷ ይጠዘጥዛት ነበር። አሮጌ ፎጣ አጥፋ ከጉልበቷ በታች ማድረግ ጀመረች፤ ካልሲና ነጠላ ጫማም ለመደች። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ ጠይቁ፤ ማለዳ ከመጎንበሳችሁ በፊት ጥቂት ተንቀሳቅሳችሁ ሰውነታችሁን አሙቁ። ለውሻው የሚበርደው ወለል ለእኛም ይበርዳል።

ብርዱን በሰላም ያሳልፍልን።